ብሉስካይን አራት ወር ተጠቀምኩት፣ "ፊድህን ራስህ ምረጥ" የሚለው ነገር ለኛ ሰው ይሰራል ወይ?

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ደብረ ብርሃን ጠባሴ አካባቢ ስልክ እጠግናለሁ፣ ስክሪን፣ ባትሪ፣ የቻርጀር ቀዳዳ ምናምን፣ ግን ካለፉት ሁለት ሦስት ዓመታት ወዲህ ሰው ይዞልኝ የሚመጣው ጥያቄ ተቀይሯል። ድሮ "ስልኬ ሞተብኝ" ነበር የሚሉኝ፣ አሁን "ይሄ ነገር እየመጣ አስቸገረኝ አጥፋልኝ" ነው። ስልኩን ሳየው ምንም አልሆነም፣ ባትሪው ደህና፣ ሜሞሪው ደህና፣ ሰውየውን ያስቸገረው ስክሪኑ ላይ የሚመጣበት ነገር ነው። ስለዚ ከስራዬ ጋር የተያያዘ ስለሆነም፣ በራሴ ቤተሰብ የደረሰ ነገር ስላለም፣ እነዚህ የማህበራዊ ሚዲያ አፖች ለተጠቃሚው ሰጠን የሚሉትን መቆጣጠሪያ አንድ በአንድ እየከፈትኩ ስሞክር ከረምኩ፣ በተለይ ብሉስካይን አራት ወር ሙሉ በየቀኑ ተጠቀምኩት ምክንያቱም ዋና ነገሬ ብሎ የሚያስተዋውቀው ተጠቃሚው የሚያየውንና የማያየውን ራሱ ይወስናል የሚለውን ስለሆነ። ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

መጀመሪያ ነገሩ ለምን እንደሚያንገበግበኝ ልናገር። አምና የአክስቴ ልጅ ከደብረ ሲና ወደዚህ ሲመጣ ጣርማበር ላይ በመኪና አደጋ ሞተ። መንገዱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ፣ ጉም ሲወርድ ከፊት ያለው መኪና መብራት እንኳን አይታይም። በኛ አገር መርዶ እንዴት እንደሚነገር ደግሞ ሁላችሁም ታውቃላችሁ፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ጎረቤት ቀድሞ ተነግሮት፣ ሊነጋጋ ሲል ሰው ከቤት ሳይወጣ፣ እናትየዋን የሚደግፉ ሴቶች ከጎኗ ቆመው ነው። እኛ ቤት ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው ማን ቀድሞ ይግባ፣ አክስቴ ደም ግፊት አለባት ነርስ ይዘን እንሂድ ወይ እየተባለ ነበር። አክስቴ ግን ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሽሮ እያማሰለች ስልኳን ከፈተች፣ መጀመሪያ የመጣላት ፖስት የልጇ ፎቶ ነበር። አስፋልት ላይ። ፊቱ አይታይም፣ ጫማውን ነው የለየችው፣ ራሷ ነበረች የገዛችለት።

የትኛው አፕ እንደሆነ አልጠራም፣ የለጠፈውንም ሰውዬ አላውቀውም። ያን ቀን ወደ አስራ አምስት የምንሆን ሰዎች ሪፖርት አደረግነው፣ መልስ የመጣው በሦስተኛው ቀን ነው፣ ደንባችንን አልጣሰም የሚል። በሦስት ቀን ስንት ሰው ሼር እንዳደረገው አስቡት። አክስቴ ከዛ በኋላ ስልኳን አጥፍታ ሳጥን ውስጥ ከተተችው፣ ጂዳ ካለችው ልጇ ጋር የምትገናኘው ግን በዛው ስልክ ነበር፣ ልጅቷ ስምንት ወር በጎረቤት ስልክ እየደወለች ነው እናቷን ያገኘቻት። እኔ ከዛ ቀን ጀምሮ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፣ ወደ ስልኬ የሚገባውን ነገር በር ላይ ቆሞ ማነህ ብሎ የሚጠይቀው ማነው? እኔ ነኝ ወይስ ካምፓኒው?

እሺ ወደ ብሉስካይ። ለማታውቁት፣ የድሮውን ትዊተር ይመስላል፣ አጭር ጽሑፍ፣ ፎቶ፣ አጭር ቪዲዮ። ሀሳቡ እ.ኤ.አ. በ2019 ትዊተር ውስጥ እንደ ፕሮጀክት ነው የተጀመረው፣ በኋላ ራሱን ችሎ ወጣ፣ በ2023 በግብዣ ብቻ ያስገባ ነበር፣ ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ ግን ለማንም ክፍት ነው። አንድ ፖስት 300 ፊደል ነው፣ ይሄ ደግሞ ለኛ ጥሩ ነው ምክንያቱም የኛ ፊደል አናባቢውን በውስጡ ስለያዘ ሰላም በሦስት ፊደል ያልቃል፣ በላቲን ስትጽፈው አምስት ነው፣ በ300 ፊደል አማርኛ ብዙ ነገር ይነገራል። ማስታወቂያ እኔ እስካሁን አላየሁበትም።

ዋናው ልዩነት ፊዱ ላይ ነው፣ ፊድ ማለት አፑን ስትከፍት ተደርድሮ የሚመጣልህ የፖስት ሰልፍ ነው። ሌሎቹ አፖች ስትከፍታቸው መጀመሪያ የሚመጣልህ አንድ ፊድ ነው፣ ያንን ፊድ የሚያሰናዳው የካምፓኒው አልጎሪዝም ነው፣ ማለትም ምን እንደምታይ የሚመርጥልህ ማሽን፣ ምን ላይ ቆየህ፣ ምን ደገምክ፣ ምን ላይ ኮመንት ጻፍክ የሚለውን እየቆጠረ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀውን ነገር ልንገራችሁ፣ ስትደነግጥ መቆየትህም ይቆጠራል። አንዲት እናት ከአንኮበር በገበያ ቀን መጥተው "ልጄ ይሄ ስልክ የሞተ ሰው ብቻ ነው የሚያሳየኝ፣ እኔ ምን አድርጌው ነው?" አሉኝ። ምንም አላደረጉም። አንድ ቀን አስቀያሚ ቪዲዮ ሲመጣባቸው ጣታቸው ቶሎ አልታዘዝ ብሏቸው አይተውት ቆዩ፣ ማሽኑ ወደውታል ብሎ መዘገበው፣ በማግስቱ ሌላ አመጣ፣ እሱም ላይ ደንግጠው ቆዩ። እትዬ እርሶ ሲደነግጡ እሱ የወደዱት ይመስለዋል ስላቸው ዝም ብለው ስልኩን አዩትና "እንዲህ ከሆነ ሰው አያውቅም ማለት ነው" አሉኝ። ከዚህ የተሻለ አልጎሪዝምን የገለጸ ሰው አላጋጠመኝም።

ብሉስካይ ላይ ፎሎዊንግ የሚለውን ከመረጥክ የተከተልካቸው ሰዎች የለጠፉትና ያጋሩት ብቻ በጊዜ ቅደም ተከተል ይመጣል፣ በቃ፣ ካምፓኒው መርጦ የሚያስገባው የለም። ዲስከቨር የሚለው ደግሞ አልጎሪዝም ያለበት የካምፓኒው ፊድ ነው። ከነዚህ ውጪ ግን ከ2023 ጀምሮ ማንም ውጪ ያለ ሰው ወይም ድርጅት የራሱን ፊድ ሰርቶ ማውጣት ይችላል፣ አንተ ደግሞ እንደ ቴሌግራም ቻናል መርጠህ ከላይ ትሰካዋለህ፣ ካልወደድከው ትነቅለዋለህ። እኔ የሳይንስ ፊድ እና የወፍ ፎቶ ፊድ ሰክቻለሁ። የወፉ ነገር ምን አገናኘው እንዳትሉኝ፣ አንኮበር በስሟ የምትጠራ ወፍ ያላት አገር ናት፣ እንግሊዞቹ አንኮበር ሰሪን ነው የሚሏት፣ ከኢትዮጵያ ውጪ የትም የለችም፣ ማታ ስራ ጨርሼ የወፍ ፎቶ ብቻ አይቼ መተኛት የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ራሱ ለውጥ አድርጎልኛል፣ ከበፊቱ ቶሎ እተኛለሁ።

ቀጥሎ ማጣሪያው። ሴቲንግ ውስጥ ሞደሬሽን የሚል አለ፣ የሚታየውንና የማይታየውን መቆጣጠሪያ ማለት ነው። እዛ ስትገባ ደምና አካል ጉዳት የሚያሳይ ምስል የሚል መለያ ታገኛለህ፣ ለሱ ደግሞ ሦስት ምርጫ አለ፣ ይታይ፣ በማስጠንቀቂያ ይሸፈን፣ ወይም ጭራሽ አይታይ። ሽፍን የሚለውን ከመረጥክ ፎቶው ተደብቆ ምን ዓይነት ነገር እንደሆነ ይነገርሃል፣ ልክፈተው ካልክ አንተው ነህ የምትከፍተው። እዚህ ጋ ስደርስ ትንሽ ቆምኩ፣ እውነቴን ነው። አክስቴ ስልክ ላይ ያን ቀን ይሄ ሽፋን ቢኖር ኖሮ ሽማግሌዎቹ ይደርሱ ነበር። እስኪነጋ ድረስ ያለው ጊዜ ብቻ ነበር የሚያስፈልገን።

ከዚህ በላይ የገረመኝ ግን መለያ ሰጪ፣ ማለትም ፖስትና አካውንት ላይ ይሄ እንዲህ ዓይነት ነው የሚል ምልክት የሚለጥፈውን፣ ራስህ መምረጥህ ነው። የካምፓኒው የራሱ ሞደሬሽን ከታች አለ፣ እሱን አፑ ላይ ማጥፋት አትችልም፣ ልክም ነው። ከሱ በላይ ግን ሌሎች ሰዎች የሚሰሩትን የመለያ አገልግሎት እየመረጥክ እስከ 20 ድረስ መጨመር ትችላለህ። አንዱ የውሸት ፎቶን ይለያል እንበል፣ አንዱ አጭበርባሪ አካውንትን፣ የሚያምኑትን መርጦ መጨመር ነው፣ ለእያንዳንዱ መለያ ደግሞ ልደብቅ፣ ላስጠንቅቅ፣ ልተው የምትለው አንተ ነህ። መለያ ሰጪዎቹ የሚሰሩበት ኦዞን የሚባለውን ሶፍትዌር ራሱ ካምፓኒው በ2024 ለማንም ክፍት አድርጎታል።

ይሄን ለአንድ ከመሀል ሜዳ ለመጡ ደንበኛዬ ስልካቸውን እየሰራሁ አስረዳኋቸው። ጋሼ በደንብ ሰሙኝና "እንደ ጓሳው ነዋ" አሉ። የመንዝ ጓሳን የማታውቁ ካላችሁ፣ ሰዉ ከጥንት ከአባቶቹ ጀምሮ ራሱ ጠባቂ መርጦ፣ ሳሩ መቼ ይታጨድ መቼ ይዘጋ ራሱ እየወሰነ ያቆየው ቦታ ነው፣ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ እስካሁን ያለበት። "ጠባቂውን የምናውቀው ሰው ስለሆነ ነው የምንሰማው፣ ካጠፋም እንቀይረዋለን" አሉኝ። ልክ ናቸው። አንድ ነገር ብቻ ይለያል፣ ጓሳው ላይ ጠባቂው ለሁሉም አንድ ነው፣ እዚህ ግን እያንዳንዱ ሰው የየራሱን ይመርጣል፣ እንደ ሽምግልና፣ የኔ በኩል ሽማግሌ እገሌ ይሁንልኝ እንደሚባለው። ሪፖርት ስናደርግ ደንባችንን አልጣሰም ብሎ የመለሰልንን ሰው፣ ወይም ማሽን፣ ማን እንደሆነ አናውቅም፣ አማርኛ ይቻል አይቻል አናውቅም፣ መርዶ ምን እንደሆነ ይግባው አይግባው አናውቅም።

ሌላው ቃል መዝጊያው ነው። አንድ ቃል ጽፈህ ያ ቃል ያለበት ፖስት አይምጣብኝ ትላለህ፣ ለ24 ሰዓት፣ ለ7 ቀን፣ ለ30 ቀን ወይም ለሁልጊዜ። የምከተላቸውን ሰዎች ግን አትዝጋ ማለትም ይቻላል። ጊዜ መወሰኑን ወድጄዋለሁ ምክንያቱም ሁልጊዜ መዝጋት አትፈልግም፣ መንገድ ላይ አደጋ ደረሰ የሚል ወሬ ሲሰማ ለአንድ ቀን መዝጋት፣ ቤተሰብ ተነጋግሮ ነገሩ እስኪጣራ፣ ከዛ ራሱ ይከፈታል። በፖስትህ ስር ማን መልስ ይስጥ የሚለውንም አንተ ትወስናለህ፣ ማንም፣ የምከተላቸው ብቻ፣ ወይም ማንም አይመልስ። ሰው ፖስትህን ወስዶ ሲሳለቅበት ደግሞ ያንተን ከሱ ላይ መንቀል ይቻላል፣ ይሄ ከ2024 ጀምሮ የመጣ ነው። ሴት ደንበኞቼ ይሄን ሳሳያቸው ነው ከሁሉም በላይ አይናቸው የበራው፣ ለምን እንደሆነ ኮመንት ሳጥን ውስጥ የገባ ሰው ያውቀዋል።

አሁን ወደ ችግሩ ልምጣ፣ ችግሩ ቋንቋችን ላይ ነው።

ቃል መዝጊያ ካላቸው አፖች በአንዱ ላይ (የቱ እንደሆነ ልተወው፣ ብዙዎቹ አሰራራቸው ተመሳሳይ ነው) አስከሬን የሚለውን ቃል አስገባሁ። ተዘጋ ብዬ ተደስቼ ስከፍት ያው መጣ። ለምን ስል፣ ሰው አስከሬን ብሎ ለብቻው ነጥሎ አይጽፍማ፣ የአስከሬኑ ይላል፣ አስከሬኑን ይላል፣ በአስከሬን ይላል፣ አስከሬናቸው፣ አስከሬኖች፣ ለአስከሬኑ። ማሽኑ ከክፍት ቦታ እስከ ክፍት ቦታ ያለውን ቃል ሙሉ በሙሉ ነው የሚያመሳስለው፣ ከፊት የ ከኋላ ኡ ከተጨመረ ለሱ ሌላ ቃል ነው። ደሞ ግማሹ ሰው አስክሬን ብሎ ነው የሚጽፈው፣ ከ እና ክ። እንደገና ሁሉንም ቅርጽ በአስክሬን መድገም አለብህ። ሬሳ ብሎ የሚጽፍ አለ፣ እሱም ሬሳው ሬሳውን የሬሳው እያለ ይሄዳል። ደብተር አውጥቼ ለአንድ ነገር ብቻ 31 ቅርጽ ጻፍኩ። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ሁለት ቃል ጽፎ ይገላገላል።

ሀ ሐ ኀ ሲገቡበት ደግሞ አስቡት። ሀዘን፣ ሐዘን፣ ኀዘን፣ ሃዘን፣ አራቱንም ሰው ይጽፋል፣ አራቱም አንድ ናቸው፣ ለማሽኑ ግን አራት የማይተዋወቁ ቃላት ናቸው። ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ እንደዛው። አማርኛን በእንግሊዝ ፊደል የሚጽፈው ሕዝብ አለ፣ እሱ ጭራሽ አይያዝም፣ ሆን ብሎ ፊደል መሀል ነጥብ እያስገባ የሚሳደበውን ሳንቆጥር።

መፍትሄው ታዲያ ቃሉ ውስጥ ካለ ዝጋ ማለት ነው ወይ? እሱንም አሰብኩት፣ እሱም የራሱ ጣጣ አለው። ሞተ የሚለውን ውስጡ ካለ ዝጋ ብትለው ሞተር የሚል ሁሉ ይዘጋል፣ ሞተር ሳይክል ሊገዛ የሚፈልግ ልጅ ማስታወቂያው ለምን እንደጠፋበት ሳያውቅ ይቀራል። ስለዚ የሚያስፈልገው አማርኛ የሚያውቅ ሰው ቁጭ ብሎ የሚሰራው ነገር ነው፣ የፊቱን የ በ ለ ከ እና የኋላውን ው ን ዎች የሚለይ፣ ሀ ሐ ኀን አንድ አድርጎ የሚያነብ። ይሄ ከባድ ምርምር አይደለም፣ የአማርኛ ሰዋሰውና ኮምፒውተር የተማሩ ልጆች ያሉበት ዩኒቨርሲቲ እዚሁ ከተማችን ውስጥ አለ፣ ተማሪ ለመመረቂያ ፕሮጀክት ቢይዘው ብዬ በጣም እመኛለሁ። ብሉስካይ ጥሩነቱ እዚህ ጋ ነው፣ ካምፓኒው እስኪሰራልን መጠበቅ የለብንም፣ መለያ ሰጪውን ከውጪ መስራት ይቻላል። ግን እኔ አራት ወር ስፈልግ በአማርኛ የሚሰራ አንድም መለያ ሰጪ አላገኘሁም። በሩ ክፍት ነው፣ የገባ ሰው ግን የለም። እዛ ላይ በአማርኛ የሚጽፈውም ሰው ጥቂት ነው፣ ዘመዶቼ ሁሉ ያሉት ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ ነው፣ ስለዚ ውብ ቤት ሰርተህ ብቻህን እንደመኖር ነው። ሌላም ማወቅ ያለባችሁ ነገር አለ፣ እዛ ላይ ማንን ብሎክ እንዳደረግህ ማየት ለፈለገ ሰው የተደበቀ አይደለም፣ አሰራሩ ክፍት ስለሆነ። ጎረቤቱን ብሎክ አድርጎ ጠብ የማይፈልግ ሰው ሚዩት ቢያደርግ፣ ማለትም የሰውየው ፖስት እንዳይመጣበት ብቻ ቢያደርግ ይሻለዋል፣ ሚዩት አይታወቅም።

ሌሎቹን ቶሎ ቶሎ ልበል። ፌስቡክ ላይ ሦስቱን መስመር ነክታችሁ ፊድስ የሚለውን ብትከፍቱ ከ2022 ጀምሮ ጓደኞቻችሁን ብቻ፣ ግሩፕ ብቻ፣ ፔጅ ብቻ በጊዜ ቅደም ተከተል ማየት ይቻላል። እንደዚ እንደሚቻል ሳሳያቸው ከአስር ሰው ዘጠኙ ፌስቡክ ይሄ አለው እንዴ ነው የሚሉኝ። ፌቨሪትስ ብላችሁ እስከ 30 ሰው መምረጥ ይቻላል እነሱ ቀድመው ይመጣሉ፣ አንድን ሰው ሳትጣሉ ለ30 ቀን ዞር በልልኝ ማለትም አለ፣ ስኑዝ ይባላል፣ የምርጫ ሰሞን ለዘመድ በጣም ጥሩ ነው። ቲክቶክ ቃል መዝጊያ አለው፣ ፊዱን ከዜሮ ማስጀመርም ይቻላል፣ የአንኮበሯን እናት ዓይነት ችግር ያለበት ሰው መጀመሪያ እሱን ይሞክር። ዩቲዩብ ላይ ይሄን ቻናል አታምጣብኝ የሚለው ይሰራል፣ እስካሁን የታየውን ታሪክ ሰርዛችሁ መመዝገቡንም ካጠፋችሁት ደግሞ መግቢያ ገጹ ላይ ምንም ሳይደረድር ባዶ ይሆናል፣ እናንተ የምትፈልጉትን ጽፋችሁ ትፈልጋላችሁ። ለልጅ ስልክ እኔ እንደሱ ነው የማደርገው። ቴሌግራም ላይ ፕራይቬሲ ውስጥ ገብታችሁ ግሩፕ ውስጥ የሚያስገባኝ የማውቀው ሰው ብቻ ይሁን በሉት፣ ዛሬውኑ፣ ያ በቀን አስር ሺ ብር ታተርፋለህ የሚል ግሩፕ ውስጥ እየጨመረ የሚያስቸግራችሁ ሁሉ ይቆማል። ብዙዎቹ ላይ ቪዲዮ በራሱ እንዳይጀምር ማድረግ ይቻላል፣ ዳታም ይቆጥባል፣ ሳይጠየቅ ዓይን ውስጥ የሚገባውንም ይቀንሳል።

ግን አያችሁ ይሄ ሁሉ ያለው በስንት በር ውስጥ ነው፣ በእንግሊዝኛ፣ ሦስት አራት ጊዜ ተነክቶ፣ አፕዴት በተደረገ ቁጥር ቦታው እየተቀየረ። ማንበብ የማይችሉ እናት እዛ ድረስ ይሄዳሉ? አይሄዱም። መቆጣጠሪያ ሰጥተናል ይላሉ፣ ሰጥተዋል፣ ግን ቁልፉን ማሰሮ ውስጥ ከተው ማሰሮውን ቆጥ ላይ ሰቅለው ነው የሰጡት። አውሮፓ ውስጥ ሕግ አስገድዷቸዋል፣ ዲጂታል ሰርቪስስ አክት የሚባለው፣ ትልልቆቹ አፖች የሰውየውን ልማድ ሳይከታተሉ የሚደረድሩበት ቢያንስ አንድ አማራጭ እንዲያቀርቡ ይላል፣ በትልልቆቹ ላይ ከ2023 ጀምሮ ይሰራል። የኛ አዋጅ 1185/2012 ደግሞ የጥላቻ ንግግርና ሐሰተኛ መረጃ ሲጠቆሙ በ24 ሰዓት ውስጥ ያንሱ ነው የሚለው። ያ ስለ ማንሳት ነው። እኔ የማወራው ከዛ የተለየ ነገር ነው፣ ሕገወጥ ያልሆነ ግን እኔ ዛሬ በዚህ ሰዓት ማየት የማልፈልገውን ነገር ስለማቆም።

እዚህ ጋ ግን አንድ ነገር ማምታታት አልፈልግም። ራስህ አጣራ የሚለው ነገር ካምፓኒዎቹን ከኃላፊነት ነፃ ማውጣት የለበትም። እገሌን ግደሉ የሚል ፖስት እኔ ቃሉን ስለዘጋሁት አልጠፋም፣ እኔ ብቻ ነኝ ያላየሁት፣ ዱላ ይዞ የሚወጣው ልጅ አይቶታል። እዚሁ ሰሜን ሸዋ ውስጥ ወሬ ቀድሞ ደርሶ እሳት ተከትሎት የመጣባቸውን ከተሞች የምናውቅ ሰዎች ነን፣ ስም መጥራት አያስፈልግም። ፍራንሲስ ሆገን የምትባለው የፌስቡክ ሠራተኛ የነበረች ሴት እ.ኤ.አ. በ2021 ለእንግሊዝ ፓርላማ ስትመሰክር ኢትዮጵያ መቶ ሚሊዮን ሕዝብና ስድስት ቋንቋ እያላት የፌስቡክ የደህንነት ሲስተም የሚሰራው በሁለቱ ብቻ ነው ብላ ነበር። ይሄን የሰማ ሰው ራሳችሁ ሚዩት አድርጉ ሲባል መቀበል የለበትም። የግድያ ጥሪ በካምፓኒው መነሳት አለበት፣ ገንዘቡን የሚያገኘው እሱ ነው፣ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ትግርኛ፣ አፋርኛ የሚያነብ ሰው ይቅጠር። ከዛ የተረፈውን እኛ እናጣራ።

አንድ የሚያሳስበኝ ነገርም አለ። አንድ ወጣት ደንበኛ አለኝ፣ ጨዋ ልጅ ነው፣ እነዚህን ነገሮች ካሳየሁት በኋላ ከሱ ሀሳብ የሚለየውን ሰው ሁሉ ዘጋ፣ አንድ በአንድ፣ የገዛ አጎቱን ሳይቀር። አሁን ስልኩ ላይ የሚያየው እሱ የሚያስበውን ብቻ ነው፣ ሰው ሁሉ እንደኔ ነው የሚያስበው ይለኛል በሙሉ ልቡ። ይሄን ሳይ እኔ ነኝ ያስተማርኩት ብዬ ተጨነቅኩ። ከዛ በኋላ ሰው ሲመጣ የማሳየውን ቅደም ተከተል ቀይሬያለሁ፣ መጀመሪያ ደምና አስከሬኑን፣ ቀጥሎ አጭበርባሪውን፣ ቀጥሎ ቪዲዮ በራሱ መጀመሩን። ሰው መዝጋቱን ካልጠየቁኝ አላሳይም፣ ከጠየቁኝም መጀመሪያ የ30 ቀኑን ነው የማሳየው። ሰዎች አዘጋጅተው የሚያወጡትን የብሎክ ዝርዝር ደግሞ ዝም ብላችሁ አትቀበሉ፣ ማን እንዳዘጋጀው እዩ፣ ውስጡ ያለውን ሰው ጥቂት ከፍታችሁ እዩ፣ በቂም የገባ ሰው ሊኖር ይችላል።

ስለዚ ብሉስካይን ግቡበት ወይ ብትሉኝ፣ አሰራሩን ለማየት ግቡበት፣ አማርኛ ጻፉበት፣ በተለይ ኮድ የምትጽፉ ልጆች መለያ ሰጪውን እንዴት እንደሚሰራ እዩት። ከአምስት ስሰጠው ለአሰራሩ አምስት፣ ለአማርኛ ተጠቃሚ ዛሬ ባለበት ሁኔታ ሁለት ነው። የአማርኛው ነጥብ የሚጨምረው እኛ ስንገባበት እንጂ እነሱ ሲያሻሽሉት አይመስለኝም። ያን 31 የቃል ቅርጽ አሁን ለስድስት ቃላት አድርጌዋለሁ፣ ከመቶ በላይ ሆኗል፣ ደብተሩ ሱቅ ውስጥ አለ፣ ለመጣ ሰው ስልኩ ላይ አስገባለታለሁ፣ ብር አልቀበልም፣ የጎደለ ቃል ያገኘ ሰው ይጨምርበት።

አክስቴን በተመለከተ፣ ብሉስካይ አልከፈትኩላትም፣ ምን ታደርግበታለች፣ ልጇ እዛ የለችም። ስልኳን ከሳጥን አውጥቼ ቪዲዮ በራሱ እንዳይጀምር አደረግኩ፣ ኖቲፊኬሽኑን ዘጋሁ፣ የልጇን ስም ብቻ ከላይ አደረግኩላትና በሩ ላይ ቁጭ ብዬ ሰጠኋት። ወዲያው አልከፈተችውም፣ በሻርፕ ጠቅልላ ኪሷ ከተተችው። ባለፈው ሳምንት ማታ ላይ ራሷ ደወለችልኝ፣ "ጂዳ አወራኋት፣ ፊቷን አየሁት፣ ከስታለች" አለችኝ፣ ከዛ ትንሽ ዝም አለችና "ሌላ ነገር አልመጣብኝም" አለች።